ነካክተን ያስቆጣናት እጢ

ጋሼ ታላቅ ወንድሜ ነው። 44 ዓመቱ ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ ሚኒባስ ታክሲ ይነዳል። ታሪኩን እንድጽፍ ሲፈቅድልኝ ያስቀመጠው ቅድመ ሁኔታ አንድ ብቻ ነበር። "ስሜን እንዳትጠሪ፤ ማጅራቴን ግን እንደፈለግሽ" አለኝ። ስለዚህ የምተርክላችሁ የማጅራቱን ታሪክ ነው።

ነገሩ በ2010 ዓ.ም. ፀጉር ቤት ውስጥ ጀመረ። ፀጉሩን የሚያስተካክለው ልጅ ማሽኑን አቆመና "ብራዘር፣ እዚች ጋ የሆነች ነገር አለች። ታምሃለች እንዴ?" አለው። ጋሼ እጁን ወደኋላ ልኮ ዳሰሰ። ከፀጉሩ መስመር ትንሽ ዝቅ ብላ፣ ከማጅራቱ በስተቀኝ፣ ምስር የምታክል ነገር አገኘ። ድቡልቡል ናት። ገፋ ሲያደርጋት ከቆዳው ጋር አብራ ወዲያ ወዲህ ትላለች። "አታምም" አለ። ልጁም ማሽኑን አስነስቶ ቀጠለ።

ምስሯ በሁለት ዓመት ውስጥ አተር ሆነች። አተሯ ባቄላ ለመሆን ሌላ ሦስት ዓመት ፈጀባት። መሐሏ ላይ በእስክሪብቶ ጫፍ የተነካች የምትመስል ጥቁር ነጥብ ነበረቻት። ያኔ ማናችንም ለዚያች ነጥብ ቁብ አልሰጠናትም። አሁን ሳስበው መታወቂያዋ እሷ ነበረች።

ቤታችን ውስጥ ሁሉም የራሱን ስም አወጣላት። እማዬ "ንፍፊት ናት" አለች። የጋሼ ረዳት "ስብ ነው፤ ጮማ ቀንስ" ብሎ ሳቀ። አንዲት ጎረቤታችን ደግሞ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ቲቢ እንዳይሆን" አሉ። እኔ ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

የጎረቤታችን ስጋት እንዲሁ ከመሬት የተነሳ አልነበረም። እኛ አገር ከሳንባ ውጭ የሚወጣ ቲቢ ብዙ ነው። ከዚያ ውስጥ በብዛት የሚታየው ደግሞ ንፍፊት ላይ የሚወጣው ነው፤ አንገት ዋና ቦታው ነው። ስለዚህ አንገቱ ላይ እብጠት ያገኘ ሰው ሄዶ መታየቱ ትክክል ነው። ልዩነቱን በኋላ አንዲት ሐኪም በጣቷ አሳየችኝ። ንፍፊት ከቆዳው በታች ጠለቅ ብሎ ነው የሚቀመጠው። ቆዳውን ቆንጠጥ አድርገው ሲያነሱት ቆዳው ብቻውን ይነሳል፤ እብጠቱ እታች ይቀራል። የጋሼዋ ግን ከቆዳው ጋር የተያያዘች ስለሆነች አብራ ትነሳለች። ጥቁሯ ነጥብም ንፍፊት ላይ የለችም። ሊፖማ የሚባለው እውነተኛው የስብ እብጠት ላይም የለችም፤ እሱ ለስለስ፣ ሰፋ ያለና ከጣት ሥር የሚያዳልጥ ነው። ይህን የነገርኳችሁ ቤት ተቀምጣችሁ እንድትፈርዱ አይደለም። ሐኪሙ ሲዳስሳችሁ ምን እየፈለገ እንደሆነ እንድታውቁ ነው።

በ2013 ጋሼ ጤና ጣቢያ ሄደ። ካርድ አወጣ፣ ተሰለፈ፣ ግማሽ ቀን ጠበቀ። ምርመራው ሦስት ደቂቃ እንኳ አልሞላም። ባለሙያው ዳሰሰው፣ ነጥቧን አየ፣ "ምንም አይደለም። ካላስቸገረችህ ተዋት" አለው። ጋሼ ተናዶ ቤት መጣ። "ግማሽ ቀን ሥራ ፈትቼ 'ተዋት' ለመባል ነው?"

የሰውየው ምክር ትክክል ነበር። የእኔ ቅሬታ ሳይነገር በቀረው ግማሹ ላይ ነው። "ተዋት" ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ለጋሼ የነገረው የለም። እሱ የሰማው "መድኃኒት የላትም" የሚል ነው። መባል የነበረበት ግን "አትጭመቃት፣ በመርፌ አትውጋት፣ ምንም አትቀባት፣ በውሃና በሳሙና ታጠብና እርሳት" ነው። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት ጋሼ በማጅራቱ ለካው።

እንግዲህ ምንድን ናት? ሐኪሞች ኤፒደርሞይድ ሲስት ይሏታል። የቆዳችን የላይኛው ሽፋን ሁልጊዜ እየሞተ ይረግፋል። ገላችንን ስንታሽ ከሚወጣው እድፍ አንዱ ክፍል እሱ ነው። አንዳንዴ ግን የፀጉር መውጫ ቀዳዳ አካባቢ ያለው ቆዳ ወደ ውስጥ ገብቶ ትንሽ ከረጢት ይሠራል። ከረጢቱ ራሱ ቆዳ ስለሆነ የቆዳ ሥራውን አይተውም። እየሞተ ይረግፋል። የረገፈው ግን መውጫ ስለሌለው እዚያው ከረጢቱ ሆድ ውስጥ ይጠራቀማል። የተጠራቀመው ኬራቲን ነው፤ ጥፍርና ፀጉር የሚሠሩበት ነገር። ስብ አይደለም። በሕክምናው ዓለምም ለብዙ ዘመን በስሕተት የወዝ ሲስት ሲባል ስለኖረ ሕዝቡ ቢሳሳት አይፈረድበትም። ጥቁሯ ነጥብ ደግሞ የተደፈነው የከረጢቱ አፍ ናት። የረዳቱ ምክር ለሌላ ነገር ይጠቅም ይሆናል፤ እዚህች ላይ ግን ጮማ እጁ የለበትም።

ወንዶች ላይ ትበዛለች። ፊት፣ አንገትና ጀርባ ደስ የሚሏት ቦታዎች ናቸው። ከሰው ወደ ሰው አትተላለፍም። ከቆሻሻም አትመጣም። ጋሼ ይህን ሲሰማ እፎይ አለ፤ ሚስቱ "ያ የታክሲህ ወንበር ነው" እያለች ስትነዘንዘው ነው የኖረችው። ወደ ካንሰር የመለወጧ ነገር ደግሞ እጅግ አልፎ አልፎ የሚሆን ነው።

እዚህ ላይ እማዬን ላምጣት። እማዬ ጭንቅላቷ ላይ ሁለት አሏት። እኔ ከመወለዴ በፊት ጀምሮ አሉ። እነሱ ከጋሼዋ ትንሽ ይለያሉ። ፀጉር ያለበት የራስ ቆዳ ላይ የሚወጡ፣ ጠንከር ያሉ፣ አብዛኛውን ጊዜ ነጥብ የሌላቸውና በዘር የሚሄዱ ናቸው። አያታችንም ነበሯት አሉ። የእማዬ ሹሩባ ሠሪ ሁለቱንም ታውቃቸዋለች። መስመር እያወጣች ስትመጣ አንደኛዋ ጋ ስትደርስ ሚዶዋን ታነሳለች። በጣቷ ዳበስ ታደርጋታለች። ከዚያ መስመሩን ትንሽ አጠፍ አድርጋ ታልፋለች። ስለዚህ የእማዬ ሹሩባ በስተግራ በኩል ሁልጊዜ ትንሽ ጠመም ይላል። ይኸው ነው ሕክምናው። ከ35 ዓመት በላይ ሆኗል፤ አንድም ቀን ቀልተው፣ አንድም ቀን አምመዋት አያውቁም። እማዬ ስለ እነሱ የምታስበው ሹሩባ ስትሠራ ብቻ ነው።

መልሱ እዚያው ቤታችን ውስጥ፣ በነጠላ ተሸፍኖ ቁጭ ብሎ ነበር። አላየነውም።

ጥር 2016 መጣ። ጥር ያው የሰርግ ወር ነው። የአክስታችን ልጅ ልታገባ ነው። ጋሼ ሙሉ ልብስ ገዝቷል። ዓርብ ማታ ሲለካው የሸሚዙ ኮሌታ ልክ እጢዋ ላይ አረፈ። ባለቤቱ ከኋላው ቆማ መስታወቱ ውስጥ አየችው። "ይቺን ነገር ዛሬ ካላወጣኋትማ!" አለች።

ሶፋው ላይ በደረቱ አስተኛችው። እኔ የስልኬን መብራት አበራሁ። ይህን የምጽፈው ጥፋቱ የእሷ ብቻ እንዳይመስል ነው። በሁለት አውራ ጣቶቿ ከግራና ከቀኝ ጨመቀች። መጀመሪያ ምንም የለም። ጋሼ ጥርሱን ነከሰ። ደግማ ጨመቀች። ጥቁሯ ነጥብ ብቅ ብላ ተፈናጠረች። ከኋላዋ ነጭ፣ ወፈር ያለ፣ እንደ ክር እየተጠቀለለ የሚወጣ ነገር ተከተለ። ቢጠርጉት ቢጠርጉት አያልቅም። ቀጥሎ ሽታው መጣ። የከረመ አይብ ነው፤ ያውም ክዳኑ ሳይከፈት ሳምንት ፀሐይ ላይ የዋለ። ልጆቹ አፍንጫቸውን ይዘው ሮጡ።

ሰውን የምታሳስተው ያቺ ደቂቃ ናት። እብጠቷ ዓይናችን እያየ ጠፋች። ቆዳው ለጥ አለ። ሚስቱ ሶፍቱን እንደ ዋንጫ ከፍ አድርጋ አሳየችን። ጋሼም "6 ዓመት ሙሉ ይሄን ነው የተሸከምኩት?" እያለ ሳቀ። እሑድ ሰርጉ ላይ ኮሌታው አልቆረቆረውም። እስክስታ ወረደ።

ሰኞ ጠዋት ማጅራቱ ይሞቅ ነበር። ማክሰኞ ቀላ። ረቡዕ እጢዋ ተመልሳ መጣች፤ አሁን ግን ባቄላ አልነበረችም፣ ሎሚ አክላለች። "ድው ድው ትላለች፤ ልብ አብቅላለች" አለን።

የሆነው እንዲህ ነው። ሲስት ሲጨመቅ ወደ ውጭ ብቻ አይፈስም። የከረጢቱ ግድግዳ ስስ ነው። ከላይ በጣት ሲጫኑት ከታች ወይም ከጎን ይተረተራል። ያኔ ኬራቲኑ ሥጋ ውስጥ ይፈሳል። ሰውነታችን ኬራቲኑን ከረጢት ውስጥ እስካለ ድረስ ምንም አይለውም። ሥጋ ውስጥ ሲያገኘው ግን እንደ እሾህ ይቆጥረውና ይዘምትበታል። መቅላቱ፣ መሞቁና ማበጡ በአብዛኛው ያ ዘመቻ ነው። ለዚህ ነው የቀላ ሲስት ሁሉ ጀርም ገብቶበታል የማይባለው፤ አንቲባዮቲክም ሁልጊዜ የማያስፈልገው። እርግጥ ጀርም ሊጨመርበት ይችላል፤ በጥፍር ከተፈለፈለ ደግሞ በደንብ።

ሰኞ ጠዋት ምን ማድረግ ነበረብን? ከሁሉ በፊት እጃችንን መሰብሰብ። ከዚያ ንጹሕ ጨርቅ በሞቀ፣ ግን በማያቃጥል ውሃ ነክሮ፣ ጨምቆ፣ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ላዩ ላይ ማሳረፍ። ይህን በቀን ሦስት አራት ጊዜ መደጋገም። የሚፈስ ነገር ካለ በንጹሕ ጎዝ ሸፈን ማድረግ። አንዳንዱ በዚሁ ይረጋጋል። በሁለት ሦስት ቀን ካልቀነሰ ወይም እየባሰ ከሄደ መታየት። ቶሎ የደረሰ ሰው ቁጣውን የሚያበርድ መርፌ እዚያው እብጠቱ ላይ ተወግቶ ሳይቆረጥ የሚመለስበት ጊዜም አለ።

እኛ ግን ነጭ ሽንኩርት ቀጠቀጥን።

ሐሳቡ የማን እንደነበር ዛሬ የሚያምን የለም። ረቡዕ ማታ በጨርቅ ታስሮለት አደረ። ጥሬ ነጭ ሽንኩርት ቆዳ ላይ ታስሮ ሲያድር እንደ እሳት እንደሚያቃጥል ያወቅነው ሐሙስ ጠዋት ጨርቁ ሲፈታ ነው። እብጠቱ ዙሪያ ቆዳው ተልጦ፣ ውሃ ቋጥሮ ተገኘ። አሁን ችግሩ ሁለት ሆነ። ጋሼ ያለማዘዣ አሞክሳሲሊን ገዛ። ሁለት ቀን ዋጠና "አይሠራም" ብሎ ተወው። ቅዳሜ አንገቱ አልዞር አለ። አንገቱ የማይዞር ሹፌር ምን ይነዳል? በጎን መስታወት ብቻ እያየ ከሜክሲኮ ሳሪስ አንድ ዙር ሞከረ። ከዚያ መኪናዋን አቆማት። 8 ቀን ቆመች።

ቅዳሜ ከሰዓት ክሊኒክ ይዤው ሄድኩ። ትኩሳቱ 38 ዲግሪ ነበር። ቅላቱ ወደ ትከሻው መውረድ ጀምሯል። ሐኪሟ መጀመሪያ ስኳሩን አስለካች፤ ስኳር ያለበት ሰው እንዲህ ያለ ነገር ቶሎ ይጠናበታል። ደህና ነበር። ከዚያ በሁለት ጣት ዳሰሰችው። አንዱን ጣቷን ስትጫን ሌላው ጣቷ ከፍ ይል ነበር። "መግል ቋጥሯል" አለች። የነጭ ሽንኩርቱን ቃጠሎ ስታይ ምንም አልተናገረችም። ዝም ብላ እኔን አየችኝ።

ማደንዘዣ ወጋች። በተቆጣ ሥጋ ላይ ማደንዘዣ እንደ ልብ አይሠራም። ጋሼ ወንድ ነኝ ብሎ የሚኮራ ሰው ነው፤ የአልጋውን ጠርዝ ይዞ ሲያቃስት ሰማሁት። ትንሽ ቆርጣ አስተነፈሰችው። መግልና ነጭ ፍርፋሪ አብሮ ወጣ። ውስጡን አጠበች፣ ቀጭን ጎዝ ጨመረችበት፣ ሸፈነችው። ትኩሳት ስለነበረውና ቅላቱ ስለተስፋፋ የ7 ቀን አንቲባዮቲክ አዘዘች። "ይቺን እስከ መጨረሻዋ ይጨርሷት" አለችው፣ "ጨርስ" የሚለውን ቃል ረገጥ አድርጋ። የአሞክሳሲሊኑን ጉዳይ ነግረናት ነበር።

ጋሼ ልብሱን እየለበሰ "አሁን ወጣች ማለት ነው?" አላት።

"አልወጣችም። አስተነፈስናት እንጂ። ከረጢቱ ውስጥ ነው ያለው።"

"ታዲያ ለምን አብረው አያወጡልኝም?"

"አሁን እንደራሰ ወረቀት ነው። ልይዘው ስል ይቀደዳል። ቁራጩ ከቀረ ደግሞ ተመልሶ ያበቅላል። መጀመሪያ ይረጋጋ። ምናልባትም ላይመለስ ይችላል። ከተመለሰ ያኔ እንነጋገራለን።"

ይህን የሰማሁት ያኔ ነው፤ ከሁሉም የገረመኝም ይኸው ነው። እኛ "መግሉ ከወጣ ዳነ" ብለን ነው ያደግነው። ብጉንጅ ላይ ይሠራል። ሲስት ላይ ግን የሚወጣው ነገር ዕቃው ነው። ዕቃውን የሚሠራው ፋብሪካ እዚያው ነው ያለው።

ቁስሉ በየቀኑ ጎዙ እየተቀየረ ወደ ሁለት ሳምንት ተኩል ፈጀ። ስለዚህ ብዙ የሚባል የለም። አሰልቺ ነበር፤ ጋሼ ተነጫነጨ፤ ዳነ።

ከፋሲካ በኋላ ምስሯ ተመልሳ መጣች። ልክ ጠባሳው ሥር።

አሁን ቤተሰቡ ሁለት ጎራ ተከፈለ። እማዬ "ተዋት፣ እኔን አታየኝም?" አለች። ሚስቱ "ትውጣ" አለች። ጋሼ ለአንድ ወር ወላወለ። ማስወጣት ግዴታ አይደለም። ካላመመች፣ ካልተቆጣች፣ ዓይን የምትስብ ቦታ ላይ ካልሆነች መተው ሙሉ ሕክምና ነው። የጋሼ ጉዳይ ግን ለየት ይላል። ቀኑን ሙሉ ከወንበሩ መደገፊያ ጋር ትታሻለች። ፀጉር ቤት ማሽን ይነካታል። አንዴ ተቆጥታለች፤ አንዴ የተቆጣች ደግሞ ድጋሚ መቆጣት ይቀናታል።

በሌላ በኩል ጠባሳ አለ። ጥቁር ቆዳ ባለን ሰዎች ላይ ኬሎይድ ይበዛል፤ ቁስሉ ከዳነ በኋላ ጠባሳው እያበጠ፣ ከቁስሉ ወሰን አልፎ የሚሄደው ማለት ነው። ደረት፣ ትከሻ፣ ጆሮና አንገት ላይ ደግሞ ይብሳል። ባቄላ አስወጥቶ ዱባ መሸከም አለ። የሄድንበት የቆዳ ሐኪም ይህን አልደበቀም። ጋሼን "የክትባት ጠባሳህን አሳየኝ" አለው። ክንዱን ገልጦ አሳየ። ጠፍጣፋ ነው። በልጅነቱ የተፈነከተበትንም ዳሰሰው። እሱም ጠፍጣፋ። ማጅራቱ ላይ ቢላ አርፎበት የነበረውንም አየ። "ሰውነትህ ጠባሳ አያሳብጥም። ዋስትና አልሰጥህም፤ ግን መሥራት ይቻላል" አለው። እንዲህ ያለ ሐኪም ደስ ይለኛል።

እዚያው ወረፋ ስንጠብቅ አንዲት እናት የልጇን ቅንድብ ጫፍ አሳየችኝ። ከተወለደ ጀምሮ ያለ ትንሽ ድቡልቡል እብጠት አለው። እንደ ጋሼዋ ትመስላለች፤ ግን ሌላ ናት። ከልደት ጀምሮ ያለ፣ በተለይ አፍንጫ አናት ላይ ወይም የጭንቅላት መሐል መስመር ላይ ያለ እብጠት ሥሩ ወደ ውስጥ ጠልቆ ሊሄድ ይችላል። እሱን በሲቲ ስካን ወይም በኤምአርአይ ሳይታይ ማንም መንካት የለበትም። "ተዋት" የማይሠራባቸው ሌሎችም አሉ። በሳምንታት ውስጥ ፈጥና ያደገች፣ እንደ ድንጋይ ጠንክራ ከሥር የተተከለች፣ ቆስላ የምትደማ፣ ከ5 ሴንቲ ሜትር የበለጠች እጢ መታየት አለባት። አንድ ሰው ላይ ገና በልጅነቱ ብዙ ሲስት ከወጣና ከቤተሰቡ የአንጀት ካንሰር የታመመ ካለ፣ ያንንም ለሐኪሙ መንገር ነው።

ቀዶ ጥገናው ሰኔ 2016 ተሠራ። ጋሼ በደረቱ ተኛ። ሐኪሙ በእስክሪብቶ የዓይን ቅርጽ ሣለ፤ አሮጌው ጠባሳና የከረጢቱ አፍ መሐሉ ላይ እንዲውሉ አድርጎ። አፉ ከቀረ ነገሩ ተመልሶ ይመጣል። ማደንዘዣው በዚህኛው ጊዜ በደንብ ያዘ። ጋሼ እያወራ ነው የተሠራለት፤ ስለ ነዳጅ ሰልፍ። በጭራሽ ያልተነካች ብትሆን 20 ደቂቃ ይበቃት ነበር አሉ። የእኛዋ ግን በጥሩ ጭምቂያችን ምክንያት ከዙሪያዋ ሥጋ ጋር ተጣብቃ ነበር። ወደ አንድ ሰዓት ፈጀች።

ለማጽናናት ብዬ በኋላ ለጋሼ የንጉሥ ታሪክ ነገርኩት። ከ200 ዓመት በፊት የእንግሊዙ ንጉሥ ጆርጅ 4ኛ ጭንቅላቱ ላይ ሲስት ነበረው። አስትሊ ኩፐር የሚባለው ዝነኛ ቀዶ ሐኪም እንዲያወጣው ታዘዘ። ማደንዘዣ የለም፣ ጀርም መግደያ የለም። ኩፐር ቁስሉ አመርቅዞ ንጉሡ ይሞትብኛል ብሎ ፈርቶ ነበር። ንጉሡ ዳነ፤ ሐኪሙም የባሮኔት ማዕረግ ተሰጠው። ጋሼ ይህን ሰምቶ "እኔ ለሐኪሙ ምን ልስጠው? በነፃ ላሳፍረው?" አለ።

የወጣችውን ነገር ሐኪሙ ጎዝ ላይ አድርጎ አሳየን። ግራጫ ነጭ ናት፤ የተላጠ ሽንብራ ትመስላለች። ለዚህች ነው ይህ ሁሉ? ፎርማሊን ውስጥ ገባችና ለምርመራ ተላከች። የተለመደ ነገር ነው፤ ዓይን የሚገምተውን ማይክሮስኮፕ ያረጋግጣል። ውጤቱ በሁለት ሳምንት መጣ። ኤፒደርሞይድ ሲስት፤ የካንሰር ምልክት የለም። 7 ስፌት ነበረው፤ በ12ኛው ቀን ተፈታ። ጠባሳዋ ከእጢዋ ትረዝማለች፤ ይህን ሐኪሙ አስቀድሞ ነግሮን ነበር። እስካሁን አላበጠችም። ፀጉር ቤት ያለው ልጅ አሁን እዚያ ሲደርስ ማሽኑን ትቶ መቀስ ይይዛል።

ባለፈው ቅዳሜ እማዬ ቤት ቡና ተፈልቶ ነበር። ጋሼ በካናቴራ ተቀምጧል። ባለቤቱ ከኋላው ስታልፍ ቆመች። ትከሻው ላይ ጎንበስ አለች።

"እዚህ ጋ ሌላ አለች" አለች። "ምስር ታክላለች። ነጥብም አላት።"

እጇ ሲነሳ አየሁት። ጋሼም ሳያይ አወቀ። ሲኒውን ሳያስቀምጥ ትከሻውን ሸሸት አደረገ።

"ግማሽ ቀን ከምትሰለፊ እኔው ልንገርሽ" አላት። "ተያት።"

እማዬ ነጠላዋን አስተካከለችና ሁለተኛውን ቡና ቀዳች።